የጄኔራል ሳህን

ሰውየው የሞተው ጥሬ ሥጋ እያላመጠ ነው። ሲወድቅ ያዩት ሰዎች ጥቂት አልነበሩም፤ እሁድ ከሰዓት ሌላ ሥራ ያጡ ባለጠጎች ውሾቻቸውን በማሰሪያ ይዘው በረንዳው ላይ ተኮልኩለው ነበር። ታዲያ ይህን ያህል ዓይን ባለበት ቦታ የሆነውን ነገር አስተካክሎ የሚናገር አንድ ሰው ጠፋ። እያንዳንዱ ሲያይ የነበረው የራሱን ውሻ ነዋ!

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትጠራ ጉዳዩ በአለቃዋ ዘንድ አልቆ ደቅቆ ነበር። ጉልበቷን የሚያማት፣ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ምላጭ» የሚሏት ሴት ናት። ፊት ለፊቷ የሚደፍር የለም። አለቃው በዕድሜ ልጇ ይሆናል፤ ወንበሩ ግን ትልቅ ነው።

«እትዬ፣ ነገሩ እንኳ አልቋል» አላት። «ገዳዩ ጎረቤትየው ሽማግሌ ነው። ‹እነዚህን ውሾች በመርዝ እጨርሳቸዋለሁ› ሲል ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። የአይጥ መርዙም ጓዳው ውስጥ ተገኝቷል። አመሻሽ ላይ ክሱ ይላካል። አንቺ የቤቱን ሰዎች ቃል ብቻ ሰብስቢልኝ።»

«ሽማግሌው ሰውየውን ለምን ይገድለዋል?»

«እሱን መች ፈለገው! የፈለገው ውሻውን ነው። ሰውየው ከውሻው ሳህን ቀመሰና ቀደመው።»

«ከውሻ ሳህን? ጥሬ ሥጋ?»

«ልማዱ ነው አሉ። ውሻ ጥሬ ሥጋ ብቻ ይብላ እያለ የሚሰብክ ሰው ነበር። ‹ለውሻችሁ የምሰጠውን አስቀድሜ እኔ እበላለሁ› ይላል። በየስብሰባው መጀመሪያ የሚቀምሰውም ስብሰባው ከሚደረግበት ቤት እመቤት ውሻ ሳህን ነው። ይህን የማያውቅ የለም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አለቃዋ ሁለቱንም አሟልቷል። መርማሪዋ ክርክሩን ትታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ የሽማግሌው ሚስት ብርድ ልብስ ታቅፋ ተቀምጣለች። መርማሪዋን ስታይ እንደምንም ተነሳች።

«ልጄ፣ የልብ መድኃኒቱን እንኳ አስገቢለት። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው ያደረው አሉኝ። ዛሬም እዚያው ካደረ እኔ ከእንግዲህ ባል የለኝም።»

መርማሪዋ መድኃኒቱንም ብርድ ልብሱንም ይዛ ገባች። ሽማግሌው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ለመድኃኒቱ ውኃ ተቀብሎ ሲጠጣ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። እጁ ይንቀጠቀጣል።

«አባባ፣ ውሾቹን እገላለሁ ብለዋል?»

«ብያለሁ። እንቅልፍ ያሳጡት ሰው ምን ይበል? ይመርቃቸው?»

«መርዙንስ በአጥሩ ላይ ወረወሩ?»

«እኔ ዳቦ አፌ ውስጥ በወጉ መክተት አቅቶኝ፣ ከአጥር ማዶ ያለ ሳህን እመታለሁ?» አለ እጁን እያሳያት። «መርዙ የአይጥ ነው። አይጦቹንም የጠሩብኝ እነሱ ናቸው፤ የሥጋ መጋዘን አጎራብተውኝ! ደግሞ የቤቱ እመቤት ባል ራሱ መጥቶ ‹ለእኛም ያካፍሉን› ብሎኝ በጠርሙስ ሰጥቼዋለሁ።»

«ይህን ለፖሊስ ነገሩ?»

«ማን ጠየቀኝ? እነሱ የጠየቁኝ ‹ለምን ገደልክ› ብለው ነው።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፣ አለች መርማሪዋ በሆዷ። እስኪመሽ ድረስ ብቻ ነው ጊዜ ያላት። ክሱ አንዴ ከወጣ ይህ ሽማግሌ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ልቡ ቀድሞ ይፈርድበታል።

ሰውየው የሞተበት ቤት ኩሽና የብዙ ሰው ሳሎን ያክላል። ሦስት ትልልቅ ማቀዝቀዣ፣ የሥጋ መፍጫ ማሽን፣ ሚዛን፣ በየመጠኑ የተደረደረ ቢላዋ አለ፤ ይህ ሁሉ ለውሻ። ግድግዳው ላይ የቤቱ እመቤት አንድ ግዙፍ ቡናማ ውሻ አቅፋ የተነሳችው ፎቶ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ጄኔራል፦ ወደ ተፈጥሮው የተመለሰ!» ተብሎ ተጽፏል። ይኸው ፎቶ ውሻቸውን ጥሬ ሥጋ በሚመግቡት ሰዎች ማኅበር ፖስተር ሁሉ ላይ አለ፤ እመቤቲቱ ሊቀመንበር ናትና።

ሟቹን ተከታዮቹ በአክብሮት፣ ሌላው በሹፈት «ተኩላው» ይሉታል። «ውሻ ማለት ተኩላ ነው» ከአፉ ስለማይለይ የወጣለት ስም ነው። ከዚያ በፊት ደንበኛ ያጣ የስፖርት አሠልጣኝ ነበር፤ ሰዎቹን ማክሳት ቢያቅተው ወደ ውሾቻቸው ዞረ። ውሻ እንደሆነ አይከራከር።

እመቤቲቱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ሳሎን ውስጥ ተቀበለቻት። ጄኔራል እግሯ ሥር ተጋድሞ ያዛጋል።

«እኛ ማኅበር ብቻ አይደለንም፤ እንቅስቃሴ ነን» አለች። «ሰው ውሻውን በታሸገና በተቀቀለ ነገር እየገደለ ነው። በዚህ ቤት ለጄኔራል እሳት መንደድ ካቆመ ወራት አልፈዋል። የሚበላው ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ጉበት፣ ጥሬ አጥንት ነው። ጸጉሩን አያዩትም ሲያንጸባርቅ?»

«አያለሁ። ትናንት ሳህኖቹን ማን ሞላቸው?»

«እሱ ነው፤ ከአንድ ትሪ ለሁሉም አካፈለ። የጄኔራልን ግን የምጨርሰው እኔ ነኝ። ጥሬ እንቁላል እጨምርበታለሁ። የሠራተኛ እጅ አይነካውም።»

«ከዚያስ?»

«በረንዳው ላይ ደርድረናቸው እሱ ልብሱን ሊለውጥ ገባ፤ እኔም ወደ እንግዶቼ ሄድኩ። ሳህኖቹ ለትንሽ ጊዜ ብቻቸውን ቀሩ። አጥሩ ደግሞ ጥግ ነው። ያ ክፉ ሽማግሌ…» ዓይኗን በመሐረብ ነካ ነካ አደረገች። «ልጄን ሊገድልብኝ!»

መርማሪዋ የሞተው ሰውዬ ይሆናል ልጅ የተባለው ብላ አንድ አፍታ ጠበቀች። ውሻው ነበር።

«ጄኔራልስ እንዴት ተረፈ? ሥጋው እኮ ፊቱ ተደፍቷል።»

«ደመ ነፍሱ ነዋ! መርዙን አሸተተው። ጥሬ የሚበላ ውሻ ደመ ነፍሱ ይመለስለታል። ተኩላ እኮ ነው!»

ተኩላው ተገልብጦ እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ ሆዱ እንዲታከክለት ጠየቀ። እመቤቲቱ ስታክለት እጅጌዋ ከፍ አለ፤ አንጓዋ ላይ ቀይ የቃጠሎ ምልክት ታየ።

«ምን አገኘዎት?»

«ጸጉሬን ስተኩስ» አለችና እጅጌዋን መለሰች።

ባልየውን ያገኘችው ጋራዡ ውስጥ ነው። በገዛ ቤቱ የቀረችው ጸጥ ያለች ቦታ እሷ ትመስላለች። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ሟቹን ይወዱት ነበር ጌታዬ?» አለችው።

«ማን? እኔ?» ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ከሚስቴ ጋር ለማውራት ከውሻው ቀጥሎ ተራ እይዝ ነበር። እሱ ከመጣ ወዲህ ሦስተኛ ሆንኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በጆሮዬ ሰማኋቸው። ‹እሁድ በሁሉም ፊት እናገራለሁ› ይላል እሱ። ‹አታዋርደኝ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ› ትለዋለች።»

«ምኑን ሊናገር?»

«ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ነገራቸውን ነዋ! እኔም በበኩሌ የእንስሳት ሐኪሙን ጠራሁት። ደንበኞቹን ሁሉ የወሰደበት ይሄ ሰው ነው። በጉባኤው ፊት ያዋርድልኝ ብዬ። ሐኪሙና እኔ የግቢው በር ላይ ቆመን ምን ብሎ እንደሚጀምር ስንነታረክ፣ የበረንዳው በር ተከፈተ ተብለን አብረን ገባን።»

«እጅዎትን ምን ሆኑ?»

«ያ ጄኔራል ነው የነከሰኝ። ሰውየው ሲወድቅ ሳህኑ ተደፋ። ሐኪሙ ዓይኑን ገልጦ አየና ‹መርዝ ነው፣ ውሾቹን ያዙ!› ብሎ ጮኸ። ሁሉም የየራሱን ጎተተ። የእኛው ከተደፋው ሥጋ አጠገብ ቆሟል። እንዲያው ብጠላውም ነፍስ ነው ብዬ አንገቱን ስይዘው ይኸውልሽ ምስጋናው!»

«ባለቤትዎ የት ነበሩ?»

«ከውሻው አንድ እርምጃ። የሰውየውን ራስ አቅፋ ታለቅስ ነበር።»

«ሽማግሌው የሰጡዎት መርዝስ?»

ባልየው ወደ መደርደሪያው ጠቆመ። «እዚያ ነው የማስቀምጠው። ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።» ከዚያ ቀረብ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። ጠርሙሱ ከግማሽ በላይ ጎድሏል። «እኔ እኮ አንዴ ነው የተጠቀምኩበት» አለ ቀስ ብሎ።

ሐኪሙ ውሻውን እንዲመረምር በፖሊስ ተጠርቶ ግቢው ውስጥ ነበር። ብስጩ ሰው ነው፤ መበሳጨቱም አልተደበቀም።

«ጥሬ መመገብ በራሱ ኃጢአት አይደለም» አለ። «አዋቂ ከመጠነው፣ ንጽሕናው ከተጠበቀ፣ ለውሻው ከተስማማው ይሁን። ይሄ ሰውዬ ግን ለታመመውም፣ ለጤነኛውም፣ ጥርስ ለሌለውም አንድ ትእዛዝ! ስንቱን የሚያስታውክ፣ ስንቱን አንጀቱ የታመመ ውሻ አከምኩ መሰለሽ። ባለቤቶቹ ግን ‹እየነጻ ነው› ይሉኛል።»

«እርስዎ አንድ ውሻ ጥሬ እንደሚበላ በምን ያውቃሉ?»

«ሰገራውን አይቼ ነዋ። ከእነ አጥንቱ ጥሬ የሚበላ ውሻ የሚጥለው ትንሽና ደረቅ ነው። ሲውል ነጣ ይላል፣ ይፈረካከሳል። ተኩላው ራሱ ከአባላቱ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር። ‹ሰው ይዋሻል፣ ይሄ አይዋሽም› ይላል። ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ያቺ ብቻ ነች።»

«የጄኔራል የት ነው?»

ሐኪሙ ከቤቱ ጀርባ ለብቻው ወደታጠረ ሣር ወሰዳት። ውሻው የግል ሜዳ አለው። ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ በስንት መከራ ቁጢጥ አለች። የኑሮ ነገር! ዕድሜ ልኳን ወንጀል መርምራ፣ መጨረሻዋ የጄኔራል ሰገራ ሆነ። ዞር ብላ በበሩ በኩል የእንግዶቹ ውሾች የጣሉትን አየች፤ ትንንሽ፣ ነጭ፣ ፍርክስክስ ያለ። የጄኔራል ግን ትልልቅ፣ ለስላሳ፣ ቡናማ ነው።

«ዶክተር፣ ይሄ የምን ነው?»

ሐኪሙ ጎንበስ አለ፤ መነጽሩን አስተካከለ፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረ። «የሩዝ! ኧረ የሩዝ ነው! ያቺ የሩዝ ፍሬ እንኳ ሳትፈጭ ወጥታለች!»

መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ ላቦራቶሪ ደወለች። ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፣ መልሱን ሰማች፣ ዘጋች። ከዚያ አባላቱ ሁሉ ከእነ ውሾቻቸው እንዲጠሩላት አዘዘች።

ቀኑ ሳይመሽ ሳሎኑ ሞላ። ሰዎቹ ሐዘን ልብስ ለብሰዋል፤ አንዳንዱ ለውሻውም ጥቁር ሪባን አስሮለታል። አለቃዋም ክሱን በክንዱ ሥር ይዞ መጣ። በሩ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

መርማሪዋ ከማቀዝቀዣው ያወጣችውን፣ ሐኪሙ ያየውን ንጹሕ ሥጋ ሳህን ላይ አድርጋ መሐል ወለሉ ላይ አኖረችው። የሌሎቹ ውሾች ማሰሪያቸው እስኪያንቃቸው ድረስ ተንጠራሩ። ጄኔራል ብቻ በነጻ ተለቀቀ። መጣ፣ አሸተተ፣ አነጠሰ፣ ፊቱን አዞረ።

«ሐዘን ላይ ነው» አለች እመቤቲቱ ፈጠን ብላ።

«ይሆናል። እስቲ የት እንደሚጽናና እንይ።»

ጄኔራል እመቤቱን አንዴ አያት፤ ከዚያ ደረጃውን ወጣ። ከላይ በር ሲቧጥጥ ተሰማ።

«ያ ክፍል የምንድን ነው?» አለች መርማሪዋ።

«የሚስቴ ልብስ መቀየሪያ» አለ ባልየው።

አንድ ፖሊስ ወጥቶ ተመለሰ። ከጫማዎቹ ጀርባ ያገኛትን ትንሽ የኤሌክትሪክ ድስት ይዞ ነበር፤ ሥሯ ላይ ሩዝና የዶሮ ቆዳ ደርቆባታል። ጄኔራል ጭራውን እየቆላ ከኋላው ተከትሎ ወረደ።

«አለቃዬ መርዙ በአጥር ላይ ተወረወረ ይላል» አለች መርማሪዋ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «የተወረወረ ነገር ላይ ላዩን ይቀራል። ላቦራቶሪው ግን መርዙን ያገኘው ከእንቁላሉ ጋር እስከ ሳህኑ ሥር ድረስ ተለውሶ ነው። በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሥጋ የሚለውስ ሽማግሌ እኔ አላውቅም። እናንተ ውሾቹ ሽታ እንዳያገኙ ተብላችሁ በሩ እስኪከፈት እዚሁ ሳሎን ነበራችሁ። ባልየውና ሐኪሙ የግቢው በር ላይ ይነታረኩ ነበር። የሌሎቹ ሳህኖች ንጹሕ ናቸው። የጄኔራልን ሳህን በእጁ የለወሰው ሰው አንድ ነው፤ ራሳቸው ነግረውኛል።»

«እኔ?» እመቤቲቱ ብድግ አለች። «እኔ የልጄን ሳህን ልመርዝ? ሰዎች፣ ትሰማላችሁ?»

አባላቱ አጉረመረሙ። አለቃውም ራሱን ነቀነቀ።

«ትክክል ነው፤ ሁላችንንም ያሳወረን ይሄው ነው» አለች መርማሪዋ። «ውሻዋን ከነፍሷ አስበልጣ የምትወድ ሴት በውሻዋ ሳህን መርዝ አትጨምርም፤ ውሻው ሳህኑን እንደማይነካው ካላወቀች በቀር! መርዙን አሸተተ ብለውኛል። መርዙ ሽታ የለውም። ሥጋው ትናንትም መርዝ ኖሮበት አልበላውም፣ ዛሬም መርዝ ሳይኖርበት አልበላውም። የሚበላው ሌላ ነው። አንጓዎት ላይ ያለውም የጸጉር መተኮሻ ሳይሆን የድስት እንፋሎት ነው።»

«ይሄ ምንም አያሳይም!»

«እሺ። ሐኪሙ ‹መርዝ› ብለው ሲጮሁ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ውሻውን ጎተተ። ውሻውን የሚጠሉት ባልዎ እንኳ ሮጠው ሄደው ተነከሱ። እናት ነኝ ባይዋ ግን አንድ እርምጃ ላይ ሆነው ዞር ብለው አላዩም። ልጅዎ አደጋ ላይ አልነበረማ!»

ባልየው ሚስቱን አያት። ከብዙ ጊዜ በኋላ መጀመሪያ ያያት ይመስላል።

«ሟቹ አጭበርባሪ ነበር» ቀጠለች መርማሪዋ። «ግን የራሱን ውሸት ያመነ አጭበርባሪ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ደግሞ ይብሳል። ባለፈው ሳምንት የጄኔራልን ሜዳ አየ። ነገሩ ገባው። ‹እሁድ በሁሉም ፊት እናገራለሁ› ያለው ፍቅሩን አይደለም። በየፖስተሩ ላይ ያለው ውሻ፣ የሊቀመንበሯ ውሻ፣ ሩዝ እንደሚበላ ነው። ‹አታዋርደኝ› ብለው ለመኑት፤ እምቢ አለ። መርዙ ጋራዥ ውስጥ አለ፣ ልማዱን ያውቃሉ፣ አጥሩ ጥግ ደግሞ በአፉ የሚገድል ሽማግሌ ተቀምጦልዎታል። ሁሉ ነገር የተሟላ ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ‹ውሻዬን ጥሬ አልስማማ አለው› ማለት ምን ነበረበት?»

እመቤቲቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ። የተመለከተችው ፖሊሶቹን አይደለም፣ ባሏንም አይደለም፤ አባላቱን ነው።

«ያስታውከው ነበር» አለች። «ሲቃ እስኪይዘው ያስታውከው ነበር። ምን ላድርግ? ግን… ሩዙ እኮ ትንሽ ነበር። የሚበዛው ዶሮው ነው።»

«ሩዝ!» አለች አንዲት ሴት ደረቷን ይዛ።

«ስንት ወር ሙሉ!» አለ አጠገቧ ያለው። «እኔ ያንን ፎቶ አይቼ አይደል የእኔን የለወጥኩት?»

«ፎቶውን ዛሬውኑ ከገጻችን ላይ አንሱት!»

ስለ ሞተው ሰው አንድም ቃል የተናገረ የለም። አለቃው ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔ እንኳ ከመጀመሪያው ጠርጥሬያት ነበር» አለ። መርማሪዋ በክንዱ ሥር የያዘውን ክስ እያየች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችና ጥላው ወጣች።

የእስር ክፍሉን በር ራሷ ከፈተችው። ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ተነሱ አባባ። ወደ ቤትዎ።»

«ማን ሆነ?»

«የቤቱ እመቤት።»

«ለምን?»

«ውሻዋ ሩዝ እንደሚበላ እንዳይታወቅባት።»

ሽማግሌው እየቀለደች እንደሆነ ፊቷን መረመረ። «ልጄ፣ በማስተምርበት ዘመን እንዲህ ያለ መልስ ብትሰጪኝ ዜሮ ነበር የማስታቅፍሽ» አለ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። «ለሩዝ ነው ሲሚንቶ ላይ ያሳደራችሁኝ?»

መርማሪዋ ክንዱን ደግፋ ወደ መኪናዋ ወሰደችው፤ ወደ ሰፈሩም ነዳች።

ሲደርሱ ሚስቱ ደጅ ላይ ነበረች። በባልዲ ውኃና በብሩሽ የብረት በሩን ትፈትጋለች። «ነፍሰ ገዳይ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል፤ ቀለሙ ግን አልለቅ ብሏታል። ባሏን ስታይ ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። ተንደርድራ መጥታ ደረቱን፣ ክንዱን፣ ፊቱን ነካካችው፤ ከዚያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ።

ከጎረቤት ግቢ የአባላቱ መኪናዎች መውጣት ጀምረው ነበር። አንደኛው ቀስ አለና መስኮቱ ወረደ። የውሻ አፍንጫና የሴት ፊት አብረው ብቅ አሉ።

«ሰሙልኝ አባባ?» አለች ሴትዮዋ። «ለካ ሩዝ ነበር የምታበላው!»

መስኮቱ ተዘጋ። ሚስት ዓይኗን ጠራርጋ ብሩሹን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ሽማግሌው እጇን ያዘ።

«ተዪው። አትፈትጊው። የጻፈው ይምጣና ያጥፋው።»

ባልዲውን መንገዱ ዳር፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አኖረው፤ ብሩሹንም ከላዩ አጋደመው። ከዚያ ሚስቱን ደግፎ ገባ። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ መኪናዎቹን ጠበቀች። ባልዲውን እያዩ ተራ በተራ አለፉ፤ የቆመ አልነበረም።